ያውቁ ኖሯል? ኳሷን ወደ ቀኝ የሚያጥፋት የዱላው ፊት ነው

በጎልፍ «ስላይስ» የሚባለው፣ በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው የመታት ኳስ አየር ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ነው።

• ኳሷ የምትነሳው በአብዛኛው የዱላው ፊት ወደሚያይበት አቅጣጫ ነው። የምትታጠፈው ግን ፊቱ ዱላው ከሚጓዝበት መስመር አንጻር ወደ ቀኝ ሲከፈት ነው።

• ስለዚህ ስላይስን ፈርቶ ዱላውን ወደ ግራ መጎተት እጥፋቱን ያባብሰዋል።

• ስላይስን ለማረም ከአያያዝዎ ይጀምሩ፦ ግራ እጅዎን በእጀታው ላይ ጥቂት ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ቁልቁል ሲያዩ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓዎች ይታዩ።

• ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ጋትሪ ቴት በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የጎልፍ ኳስን ሽክርክሪት ለመቁጠር ኳሷ ላይ ጥብጣብ አስሮ ነበር።