ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ሕመም

ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫና በጭን ጀርባ በኩል ወደ እግር የሚወርድ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ተሰምቶዎት ያውቃል? ብዙዎቻችን «ብርድ ነው» ወይም «ኩላሊቴ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሕመሙ የሚወርድበትን መንገድ ልብ ካሉ ግን ሳያቲክ የተባለውን ነርቭ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሕብለሰረሰር ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ከወገብ ግርጌ የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች በአንድ ላይ ተገናኝተው በየእግራችን የሚወርደውን ሳያቲክ ነርቭ ይሠራሉ። በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ይህ ነው፤ መነሻው ላይ የአውራ ጣት ያህል ይሆናል። በመቀመጫ ጡንቻ ሥር አልፎ በጭን ጀርባ ይወርድና አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ባትና ወደ ውስጥ እግር፣ ሌላው በጉልበት ውጫዊ ጎን ዞሮ ወደ እግር የላይኛው ገጽ ይሄዳል።

ሕመሙን በብዛት የሚያመጣው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ የነርቩን ሥር ሲጫን ነው። ስለዚህ የሚያመው እግር ቢሆንም መንስኤው ወገብ ላይ ሊሆን ይችላል። ነርቩ በመቀመጫ በኩል ስለሚያልፍም ቦታውን የሳተ መርፌ ሊጎዳው ይችላል፤ መርፌ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይወጉ።

አብዛኞቹ ሕሙማን ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። ለቀናት አልጋ ላይ ከመዋል ይልቅ አቅምዎ በፈቀደ መጠን ይንቀሳቀሱ፤ ከባድ ዕቃ አያንሱ፤ ወገብዎን በኃይል አያሳሹ። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ማስታገሻ ከመውሰድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢን ጨምሮ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይመርመሩ። የእግርዎን ፊት ወደ ላይ ማንሳት ካቃተዎትም እንዲሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያስታውሱ፦ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ፣ የሁለቱም እግሮች መዛል ከታየ ጉዳዩ ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ታካሚዎች ስለ ወገባቸው ሲነግሩን ይህን በሐፍረት ይደብቁናል። እርስዎ ግን ሐኪሙ እስኪጠይቅዎት አይጠብቁ፤ በቅድሚያ የሚነገረው እሱ ነው።