ያውቁ ኖሯል? የወሎ ታሪክ ከሼሆች ገድልም ይጻፋል

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በሆላንዱ አሳታሚ ብሪል ታትሟል። ከዚያ በፊት ስለ ወሎ ብዙውን የምንሰማው ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልና ከአውሮፓ ተጓዦች ነበር። በነዚህ ውስጥ የወሎ ሙስሊም ጎልቶ የሚታየው ሲዘመትበት፣ አለዚያም በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ እንደሆነው፣ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲታዘዝ ነው። ሁሴን ግን በቃሉ አካባቢ እንዳለችው ጌታና እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉትን የዕውቀት ማዕከሎች ከውስጥ ለማየት፣ መናቂብ የሚባሉትን የዐረብኛ የሼሆች ገድሎችና የሽማግሌዎችን ቃል መረመሩ።

በተአምር የተሞላ ገድል ለታሪክ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዜና መዋዕሉም የተጻፈው ንጉሡን ለማወደስ ነው፣ ያም ሆኖ እያመሳከርን እናነበዋለን እንጂ አንጥለውም። ከገድሉ ተአምሩ ቢቀነስ እንኳ ሼሁ የት እንደተማሩ፣ እነማንን እንዳስተማሩ፣ ከየትኛው ባላባት ጋር እንደተጋጩ ይቀራል። ይህን ደግሞ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች እምብዛም አልመዘገቡልንም።