ጤፍ በጥር፣ ቲማቲም በሳምንት፦ አስቤዛ በነጋዴ ሒሳብ

ነጋዴ ዕቃ ከማንሳቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። መቼ ይረክሳል? ሳይበላሽ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የሚታሰርበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ይኸው ነጋዴ ማታ ሱቁን ቆልፎ ቤቱ ሲገባ ግን ሦስቱም ጥያቄዎች አብረው ይቆለፋሉ። ለአስቤዛ የተጠየቀውን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ወሩ ሳይጋመስ «አለቀ» ሲባል ደግሞ ይጨምራል። ምን፣ መቼና በስንት እንደተገዛ የሚያስታውስ የለም። «ዘንድሮ ኑሮ ተወደደ» የሚለው ንግግር ብቻ የቤቱ የሒሳብ መዝገብ ሆኖ ይቀራል።

ኑሮ መወደዱ እውነት ነው። የአገሪቱ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ሲሰላ ከግማሽ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለምግብ ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ግሽበቱ ከ35 በመቶ፣ የምግቡ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር በላይ ገባ፤ በኋላም 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው የምግብ ዘይት የዚህ ጭማሪ ተካፋይ ነው። እነዚህን ነገሮች አንድ ቤተሰብ ሊቆጣጠራቸው አይችልም። ሊቆጣጠር የሚችለው መቼ፣ ምን ያህልና በምን መልክ እንደሚገዛ ነው። የአስቤዛ ቁጠባ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሥጋ ቀንሱ፣ ተከራከሩ» የሚል ነው። ዋናው ገንዘብ ያለው ግን በክርክሩ ላይ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው።

ገበያው የራሱ ወቅት አለው

የጤፍ አዝመራ የሚሰበሰበው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ከምንጃር፣ ከአዳና ከጎጃም የሚመጣው እህል በታኅሣሥና በጥር ወደ አዲስ አበባ በብዛት ይገባል፤ ገበሬውም ለልዩ ልዩ ክፍያ ገንዘብ የሚፈልግበት ጊዜ ስለሆነ ይሸጣል። ክረምቱ ሲገባ ግን መንገዱ ይከብዳል፣ የገበሬው ጎተራም ይሳሳል። በሐምሌና በነሐሴ ገበያ ላይ ያለው እህል በአብዛኛው ነጋዴው ያቆየው ነው። ያንጊዜ ሸማቹ የሚከፍለው የእህሉን ብቻ ሳይሆን የመጋዘኑን ኪራይ፣ የታሰረውን ገንዘብ ወለድና ነጋዴው የተሸከመውን ሥጋት ጭምር ነው።

በርበሬም እንዲሁ ነው። የሀላባና የማረቆ ዛላ በርበሬ በብዛት የሚገኘው ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ያን ጊዜ ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አስፈጭቶ የዓመቱን ያዘጋጀ ቤተሰብ በየወሩ ከሱቅ በግማሽ ኪሎ ከሚገዛው ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛ የችርቻሮውን ልዩነት አይከፍልም። ሁለተኛ ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ከመጠርጠር ይድናል። ሆኖም ዛላው ውኃ የተረጨ ከሆነ ክብደቱ ሐሰት ነውና፣ በእጅ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሸውን መምረጥ ያሻል።

ሽንኩርት ደግሞ በመስኖ የሚለማ በመሆኑ ከመቂ፣ ከዝዋይና ከቆቃ አካባቢ በበጋው ወራት በብዛት ይገባል። በክረምቱ መጨረሻ፣ በተለይ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አቅርቦቱ ሲያንስና ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይሰቀላል። በዚያ ሳምንት የሚገዛ ሰው የሽንኩርቱን ሳይሆን የዋዜማውን ዋጋ ይከፍላል።

የጤፉ ሒሳብ ሲሠራ

በጥር ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል ማለት ግን ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ገንዘብ ያዋጣል ማለት አይደለም። በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢ በራሱ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል።

አንድ ቤተሰብ በወር ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይፈልጋል እንበል። ከየካቲት እስከ መስከረም ላሉት ስምንት ወራት አራት ኩንታል ማለት ነው። በጥር መጨረሻ ኩንታሉ 12,000 ብር ከሆነ ወጪው 48,000 ብር ይሆናል። ዋጋው ቀስ በቀስ እየጨመረ በመጨረሻው ወር በ20 በመቶ ከፍ ቢል፣ ብዙ ሰው 9,600 ብር አተረፍኩ ብሎ ያስባል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በየወሩ ቢገዛ ኖሮ ሁሉንም በመጨረሻው ዋጋ አይገዛም፤ አማካይ ጭማሪው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ትርፉ 4,800 ብር ነው።

ከዚህ ላይ የገንዘቡ ዋጋ ይቀነሳል። ጤፉ በየወሩ እየተበላ ስለሚቀንስ በአማካይ ታስሮ የሚቆየው ግማሹ፣ ማለትም 24,000 ብር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በዚህ በ7 በመቶ ቢሰላ በስምንት ወር ውስጥ የቀረው ወለድ 1,120 ብር ነው። የተጣራው ትርፍ 3,680 ብር ይሆናል። ባንክ ከሚገኘው ወለድ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። የጭማሪው ጠቅላላ መጠን 5 በመቶ ገደማ ካልደረሰ ግን ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ይሻል ነበር።

ገንዘቡ የብድር ከሆነስ? ወለዱ 18 በመቶ ቢሆንና በየወሩ ለጤፍ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ብድሩ ቢመለስ፣ የወለዱ ወጪ 2,880 ብር ደርሶ ትርፉ ወደ 1,920 ብር ይወርዳል። ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ 2,400 ብር ስለሆነ ግዢው ኪሳራ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ተረት ለዚህም ይሠራል። በራስ ገንዘብ የሚያዋጣ ክምችት በብድር ላያዋጣ ይችላል። በዚያ ላይ የጭነቱና የወዛደሩ ሒሳብ አለ። አዝመራ በተበላሸበት ወይም መንገድ በተዘጋበት ዓመትም የጥሩ ዋጋ ሳይረክስ ይቀራል።

ሁሉም አይቀመጥም

ጤፍ ለክምችት የተመቸ እህል ነው። ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ ስለማይገባበት፣ እርጥበት ካልነካው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የሚቀመጠው ግን እህሉ እንጂ ዱቄቱ አይደለም፤ ወፍጮ ቤት በየወሩ መሄዱ ይሻላል። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር በአንጻሩ ነቀዝ ይወዳቸዋል። እነሱን የሚያከማች ሰው ቶሎ ለሽሮና ለክክ ማዘጋጀት፣ አለበለዚያም አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንጣፍ ከረጢት ማስቀመጥ ይኖርበታል።

በአትክልት ላይ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። በረከሰ ዋጋ ብዙ መግዛት ብዙ ጊዜ በውድ ዋጋ ጥቂት ከመግዛት ይብሳል። ሃያ ኪሎ ሽንኩርት በኪሎ 40 ብር ሒሳብ በ800 ብር ተገዝቶ አራት ኪሎው ቢበሰብስ፣ ለወጥ የዋለው እያንዳንዱ ኪሎ 50 ብር ወጥቶበታል። ጉልት ላይ 48 ብር ቢሸጥ ኖሮ ጉልቱ ርካሽ ነበር። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ፣ በጃንሜዳ አድርጎ ኃይሌ ጋርመንት ከገባ ወዲህ ደግሞ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ለሚመጣ ሸማች የታክሲውና የሰዓቱ ዋጋ በሒሳቡ መግባት አለበት። ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ተባብሮ አንድ ሰው ቢልክ ግን መጓጓዣው ይካፈላል፤ ጆንያውም ሳይበሰብስ ያልቃል።

የሳምንቱ ማዕድ

አትክልት ሳይባክን የሚያልቀው ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የምግብ ዕቅድ የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል የሚባል ሰው ቢኖር፣ አገሩ የዕቅድ አገር መሆኑን ዘንግቷል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደማይበላ ይታወቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ይጀምራል፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ የምግብ ሰሌዳ ነው። የቀረው ግዢውን ከሰሌዳው ጋር ማስታረቅ ነው።

ለምሳሌ ቅቤ። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይሻማል። በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ ያነጠረ ቤተሰብ የዋዜማውን ግፊያ አይጋፋም፤ የነጠረ ቅቤ ለወራት ይቀመጣልና። ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ የሙስሊም ቤተሰብ የግዢ ሰሌዳ በየዓመቱ ይከለሳል። ተምርና ዱቄት ከወሩ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ መግዛት ከመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ያድናል።

በሳምንት ደረጃ ነገሩ ቀላል ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከመገዛቱ በፊት ጓዳው ይታያል። ሰባቱ ምሳና ሰባቱ እራት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ ቶሎ የሚበላሸው ቲማቲምና ጎመን በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ምስርና ሽሮው በመጨረሻ ይደረጋል። የተረፈ እንጀራ ለቁርስ ፍርፍር፣ ከዚያ የተረፈው ድርቆሽ ይሆናል። እናቶች ይህን ያውቁታል። የጎደለው መጻፉ ብቻ ነው፤ ያልተጻፈ ዕቅድ ደግሞ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይረሳል።

ሌላው ሊጻፍ የሚገባው አንድ ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ባለ አምስት ሊትር ዘይት፣ አንድ ኪሎ ቡና ስንት ቀን እንደቆየ ነው። ይህን ለሦስት ወር የመዘገበ ቤት የፍጆታውን ልክ ያውቃል። በመደብ የተገዛውን ድንች ቤት መዝኖ ኪሎው ስንት እንደወጣ፣ ትልቁ የዘይት ጀሪካንም በሊትር ሲካፈል ከትንሹ በእርግጥ ይረክስ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ሁልጊዜ አይረክስምና።

ገንዘቡ የሌለውስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ በጥር ወር በእጁ ገንዘብ ላለው ነው። ደሞዝተኛው ያን ያህል ብር በአንድ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ጤፍ በአምስት ኪሎ፣ ዘይት በግማሽ ሊትር፣ በርበሬ በስኒ ይገዛል፤ ለአንድ ኪሎም ከሀብታሙ ይልቅ ብዙ ይከፍላል። የጉልት ነጋዴዋን በዚህ መውቀስ አይገባም። እሷ የምትሸጠው ሽንኩርት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ መጠንና ዱቤም ትሸጣለች። ችግሩ ድሀ የሚከፍለው የገንዘብ እጥረት ዋጋ መሆኑ ነው።

መላው ከአገሩ ልማድ ውስጥ አለ። ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተነጋግሮ የዕቁብ ዕጣን በጥር እንዲወጣ ማድረግ፣ ወለድ የሌለበት የጤፍ ብድር ነው። በመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር ያላቸውም ከላይ ያለውን ስሌት በማኅበራቸው ወለድ ሠርተው ካዋጣ መበደር ይችላሉ። ቅርጫ የሥጋን ዋጋ በጅምላ ያደርሳል፤ ያው መንገድ ለጤፍና ለበርበሬ ቢውል የሚከለክል የለም። አምስት ጎረቤት አንድ ላይ ሆኖ እህል በረንዳ ዋጋ ከጠየቀ እንደ ቸርቻሪ ይስተናገዳል። የሸማቾች ማኅበራት ሱቆችና የእሑድ ገበያም ይታዩ፤ ግን ጥራቱና መጓጓዣው ከተሰላ በኋላ።

ለነጋዴው ወገንም ጉዳዩ ጥቅም አለው። ዋዜማ ላይ የሚንጋጋው ሸማች ለአንድ ሳምንት ትርፍ ይሰጥ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሱቁ ጭር ይላል። በጥር ለሚከፍል ደንበኛ ጤፉን አስቀምጦ በየወሩ እያስፈጨ የሚያደርስ ባለ ወፍጮ፣ ወይም ለቡድን ገዢ የጅምላ ዋጋ የሚሰጥ ባለ መጋዘን፣ የገንዘቡን ወለድ ከባንክ ሳይሆን ከደንበኛው ያገኛል። ደንበኛውም የክረምቱን ጭማሪ ያመልጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ደረሰኝና መተማመን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያሟላ ሦስተኛውን አያጣም።