የአባቴ ሞርሳ በኪሎ ስንት ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። አባታችን አርፎ አርባው ከወጣ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ “እስቲ ያለውን እንየው” ተባለ። ፍሪጁ ተቆጠረ፣ አልጋው ተቆጠረ፣ የባንክ ደብተሩ ተገለጠ። ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ላይ ሲደረስ ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ይሄ ግሪስ የነካው ሁሉ ለቁራሌው ነው። ክፍሏን አጽድተን እናከራያታለን” አለ። እማዬ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ምን እንዳስከፈለኝ ትሰሙታላችሁ።

አባቴ መካኒክ ነበር። በልጅነቱ አንድ ጣልያናዊ ጋራዥ ረዳት ሆኖ ገብቶ ሙያውን ከነቃላቱ ተማረ። መቼም የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ክሪክ፣ ካንዴላ። ፊያት 600 በሉ፣ ቮልስዋገን በሉ፣ ላዳ በሉ፣ በእጁ ያላለፈ የለም። ትምህርት በሌለበት ቀን አቀባዩዋ እኔ ነበርኩ። ከመኪናው ሥር ሆኖ “የ13ቷን!” ሲለኝ ቁጥሯን ሳላይ በመጠኗ አውቃታለሁ። ወንድሞቼ ያኔ ኳስ ሜዳ ናቸው። ታዲያ ውርስ ሲመጣ ለእኔ የቡና ሲኒ፣ የብረቱ ነገር ግን የወንዶቹ ጉዳይ የሆነው በምን ሒሳብ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ወንድ ሴት ሳይል ልጆችን እኩል ነው የሚያወርሰው።

ለማንኛውም ቁራሌው መጣ። መጀመሪያ የሄደው ሞርሳው ነው፤ ከባድ ስለሆነ በኪሎ ጥሩ ያወጣል ተባለ። አሮጌ ራዲያተርና ሁለት ጆንያ ብረት ተከተለው።

ከሦስት ቀን በኋላ በር ተንኳኳ። የአባቴ የድሮ ረዳት ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሠርቷል። ጋቢ ለብሶ ከተቀመጠ በኋላ እየፈራ፣ “እህቴ፣ ነውር ካልሆነ ሞርሳውን ልወስድ ነበር። ሥራ ጠፍቶ ደመወዝ ያልከፈሉኝ ጊዜ ጋሼ ‘ሞርሳው ያንተ ነው’ ብለውኝ ነበር” አለ። ዞር ብዬ እማዬን አየኋት።

“አዎ፣ ብሎኛል” አለች። “ልጄ እንደዚያ ሲናገር አፌን ያዘኝ።”

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውየው ግን “ግድ የለም” ብሎ ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

በማግሥቱ መርካቶ ገባሁ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ “እዚህ የመኪና ዕቃ ነው፣ ምናለሽ ተራ ሂጂ” አሉኝ። ምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጠው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ደጃፍ ላይ አየሁት። ከሥሩ አባቴ በመሮ የነቀሳት መስቀል አለች። ዋጋው? እኛ ከሸጥንበት አራት እጥፍ! እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አዘጋጁ ያውቃልና የስንት ወር ሥራዬ እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ። ከፈልኩ። በታክሲ ጭኜ ረዳቱ ቤት አወረድኩት።

እንግዲህ እናንተም ጓሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ካላችሁ፣ ሚዛን ከመምጣቱ በፊት አብሮት የሠራ ሰው ጥሩ። እኛ ዘግይተንም ቢሆን ረዳቱን ለምነን አመጣነው። ለካስ ቁልፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ባለ ሚሊሜትርና እንደ ድሮው ላንድሮቨር ላሉት ባለ ኢንች። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13ቷ ትገባበታለች፤ ግን ትላወሳለች፣ ብሎኑ ጠበቅ ካለ ማዕዘኑን ትበላዋለች። ስለዚህ አትደባልቋቸው። ዝገት የያዛቸውን ላምባ ውስጥ አሳድራችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉና ዘይት ቀቧቸው፤ እሳት አጠገብ ግን አይሁን። አናቱ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ የተንሰራፋ መሮ ሲመታ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል፤ ጠርዙን በሞላ አስተካክሉት። የዘይት ክሪክ ጎማው ደርቆ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ እሱን ብቻ አምናችሁ መኪና ሥር አትግቡ። የአሮጌ ፍሬን አቧራንም እፍ አትበሉ፤ የድሮዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው፣ ሳንባ ይጎዳል።

ወንድሜ ግን እስካሁን ይከራከራል። “በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ይሄ ብረት ምን ይሠራል?” ይላል። እውነቱን ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ጎማው ግን በምን የታሰረ ይመስለዋል? ፍሬኑስ?

ክፍሏ አልተከራየችም። ቡሶላዎቹንና የኢንች ቁልፎቹን ለረዳቱ ሰጠነው፤ የቀሩት በመጠናቸው ተደርድረው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የ13ቷን የወሰድኳት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ወንድሜ የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶበት ደወለና፣ “አንቺ ጋ ቁልፍ አለ እንዴ?” አለኝ።

“አለ” አልኩት። “ተሸክመህ አምጣውና እዚሁ ፍታው።”