የመላጫ ማሽን፦ ለቆላችን የሚስማማውን መምረጥና በአግባቡ መያዝ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የፊጥራ ነገሮች ብለው ከዘረዘሯቸው አምስት ጉዳዮች ውስጥ ሦስቱ ፀጉርን የሚመለከቱ ናቸው፦ ቀድሞ ቀመስን ማሳጠር፣ የብብትን ፀጉር መንቀልና የብልት አካባቢን ፀጉር መላጨት። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ይህ ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ እነዚህ ነገሮች ከ40 ሌሊት በላይ ሳይነኩ እንዳይቆዩ ገደብ ተቀምጧል። በፈተናና በአሳይመንት ተወጥረን ሴሚስተሩ ሲያልፍ ይህ ገደብ ሳይታወቀን የሚያልፍብን ጊዜ አለ።

ድሮ ሁሉም ነገር በምላጭ ነበር። አሁን በየዶርሙ ማሽን አለ። ማሽን ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ከመተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪት፣ ከገንዳ ውኃና ከቋራ ለመጣን ልጆች ምርጫው ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆላው ሙቀት፣ አቧራውና የመብራቱ ነገር ደጋ ላይ እንዳለው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የትኛው ማሽን ለምን እንደሚሆን፣ ሲገዛ ምን እንደሚታይና ከተገዛ በኋላ እንዴት እንደሚያዝ እናያለን። ከሁሉም በላይ ግን ልናስተላልፍ የፈለግነው አንድ መልእክት ነው፦ ማሽን የግል ዕቃ ነው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እንመጣበታለን።

መላጫና መቁረጫ አንድ አይደሉም

ገበያ ላይ «መላጫ ማሽን» እየተባሉ የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ቆዳ ድረስ የሚላጨው ነው። ራሱ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳ ስስ ብረት ወይም ሁለትና ሦስት ክብ ራሶች አሉት። ፀጉሩ በቀዳዳው ይገባና ከሥር ያለው ስለት ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለውን የኤሌክትሪክ መላጫ አሜሪካዊው ጃኮብ ሺክ በ1931 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ ባለ ክብ ራሱን ደግሞ ፊሊፕስ በ1939 አወጣ።

ሁለተኛው መቁረጫው ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ የምናየው ባለ ገመዱ ቶንዶስም፣ በእጅ መዳፍ የሚያዘው ትንሹ ትሪመርም ከዚህ ይመደባሉ። ጥርስ ያላቸው ሁለት ስለቶች ይደራረባሉ፤ የታችኛው ቆሞ የላይኛው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ እንደ ብዙ ትንንሽ መቀሶች ይቆርጣል። በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራውን ቶንዶስ ሌላው አሜሪካዊ ሊዮ ዋህል በ1919 እ.ኤ.አ. ሠራው።

ለአብዛኞቻችን የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። አንደኛ፣ ጺሙን ያሳደገ ሰው ፊቱን ጠርጎ የሚላጭ ማሽን አያስፈልገውም። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የፀጉራችን ዓይነት ነው። ከርዳዳ ፀጉር ቆዳ ድረስ ሲላጭ ጫፉ ሾሎ ይቀራል። ሲያድግ ደግሞ በተፈጥሮው ስለሚጠቀለል ተመልሶ የራሱን ቆዳ ይወጋል። ሰውነት እሾህ የገባበት ያህል ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ መግል ይይዛል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ጥሎ ያልፋል። ብዙዎች ይህን ተራ ብጉር ይመስላቸውና እንዲጠፋላቸው አስጠግተው ይላጩታል፤ ያኔ ይብሳል። የመተማ ላብ ሲጨመርበት ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመቁረጫ ማሽን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ማስቀረት። ከቆዳው በላይ የቀረ ፀጉር ተመልሶ ለመግባት ይቸግረዋል። የላጨነው ቦታ እንደ መስታወት ባይለሰልስም ጤነኛ ይሆናል።

«ታዲያ ማሽን ሱናውን ያሟላልን?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ኢማም አን-ነወዊ በሙስሊም ማብራሪያቸው የብልት አካባቢን ፀጉር በተመለከተ የተፈለገው የቦታው ንጽህና መሆኑን፣ በላጩ መላጨት ቢሆንም መቁረጥም እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። በብብት በኩል በላጩ መንቀል ነው፤ ሆኖም ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ሱናው መንቀል መሆኑን እያወቁ ሕመሙን ስለማይችሉት ያስላጩ እንደነበር እዚያው ተጠቅሷል። በቀድሞ ቀመስ ላይ ኢማም ማሊክ የከንፈር ጠርዝ እስኪታይ ማሳጠር ይበቃል ሲሉ፣ ሐነፊዮች ጠበቅ አድርጎ ማሳጠርን ይመርጣሉ። ማበጠሪያው የተነሳለት ትሪመር ሁለቱንም ይሠራል።

ጺምን በተመለከተ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሐጅ ወይም ዑምራ ሲያደርጉ ጺማቸውን ጨብጠው ከጭብጡ የተረፈውን ይቆርጡ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ጭብጥ ማለት ብዙ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከትሪመር ጋር የሚመጡት ማበጠሪያዎች ግን አብዛኞቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለኩ ናቸው። ስለዚህ ይህን በመቀስ እንጂ በማሽን አትሞክሩት፤ አንድ ጊዜ የተንሸራተተ እጅ የዓመት ጺም ይወስዳል። የፊቅሁን ዝርዝር ከኡስታዞቻችን ጠይቁ።

መብራቱን አስቡ

ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በእኛ ምድር ያልፋል፤ ይሁን እንጂ ከከተማ ወጣ ሲባል መብራት ያልገባባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው፤ በከተማውም ይጠፋል፣ ይዳከማል። ባለ ገመድ ቶንዶስ የመብራቱን ጉልበት ተከትሎ ነው የሚሠራው። ኃይሉ ሲወርድ ስለቱ ይዝላል፤ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል። ባለ ባትሪው ግን አንዴ ከሞላ መብራት ኖረ አልኖረ አይገደውም። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚሆን ከሆነ ደግሞ በስልክ ቻርጀር፣ በፓወር ባንክና ዩኤስቢ ባለው የሶላር ዕቃ መሙላት ይቻላል። ለገጠር ቤት ከዚህ የተሻለ የለም።

ዘመድ ከውጭ የላከላችሁ ባለ ገመድ ማሽን ከሆነ ሶኬት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የተጻፈበትን አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣና 120 ቮልት ብቻ የሚል ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ስጋት የለም። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ወፍራም ጥርስ ሶኬት ማስተካከያ ይፈልጋል እንጂ ገመዱ አይቆረጥም።

በማግኔት የሚሠራ ቶንዶስ ስትከፍቱት «ቀቀቀ» የሚል ከባድ ድምፅ ካሰማ ወዲያው ተበላሽቷል አትበሉ። በ50 ኸርዝ መብራት ስለቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአሜሪካው 60 ኸርዝ ደግሞ 120 ጊዜ። ለአንዱ የተስተካከለ ማሽን በሌላው ሊንገጫገጭ ይችላል። ከብዙዎቹ ጎን ላይ አንድ ብሎን አለ፤ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ በቀስታ ማዞር ነው።

ሲገዛ የሚታይ

ጠረፍ ገበያ ላይም ሆነ ሱቅ ውስጥ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ማሽኖች ዋስትና የላቸውም፤ የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው ግን የእሱ ያልሆኑም አሉ። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ዕቃውን እዩ። አስከፍታችሁ አስሞክሩ። ድምፁ ወጥ ይሁን። ስለቶቹን በብርሃን ተመልከቱ፤ የላይኛው ስለት ጫፍ ከታችኛው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ መቀመጥ አለበት። እኩል ከሆነ ወይም አልፎ ከወጣ ቆዳ ይቆርጣል። ስለቱ የሚነቀልና የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል። ካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ 7» የሚል ካለ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ቢገባ ይችላል ማለት ነው፤ «አይፒኤክስ 4» ግን ፍንጣቂ ብቻ ነው የሚችለው። ምንም ካልተጻፈበት ውኃ አታስነኩት። በመጨረሻም መለዋወጫ ስለት ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ ስለት የሌለው ማሽን ከአንድ ዓመት በኋላ ቆሻሻ ነው።

ሙቀት፣ አቧራና ዘይት

ከመጋቢት ጀምሮ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ ሲደረግ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ቀን ላይ አትሰኩት፤ ከዒሻ በኋላ ወይም ከፈጅር በፊት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሙሉት። በመኪና መስኮት ሥር አትተዉት። ለወራት የማትነኩት ከሆነም ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ ጨርሶ ባዶ ሆኖ የከረመ ባትሪ ላይነሳ ይችላል።

አቧራ ስለትን ያደነዝዛል። መጀመሪያ ፊታችሁን ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ቁረጡ። ስትጨርሱ በብሩሽ ፀጉሩን አራግፉና አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ስለቱ ላይ አድርጉ። ማሽኑን ለጥቂት ሴኮንድ አስነስታችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ዘይት ካለቀ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይሆናል። የሰሊጥ ዘይታችን ለወጥ የተመሰገነ ነው፤ ለስለት ግን አይሆንም። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው እየተጣበቀ አቧራውን ይይዝና ስለቱን ያስረዋል።

ለጁሙዓ የምትዘጋጁ ከሆነ ሐሙስ ማታ ቁረጡ። አዲስ የተቆረጠ ቆዳ ወዲያው ፀሐይና ላብ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ አንድ ሌሊት ቢያርፍ ይሻላል።

ለምን የግል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ዶርም ውስጥ አንድ ማሽን ገዝቶ ለስድስት ሰው መጠቀም የወንድማማችነት ምልክት ይመስላል። ነገር ግን መቁረጫ ስለት በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፤ በጥርሶቹ መካከልም ደም ይቀራል። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሕይወት አለው። ብዙ ተሸካሚዎች ምንም አይሰማቸውም፤ ዓይናቸው ቢጫ አይሆንም፣ ሰውም የወፍ በሽታ አለባቸው አይልም። እነሱም ራሳቸው አያውቁትም። ከዓመታት በኋላ ግን በሽታው ጉበትን ሊያጠነክርና ወደ ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። ጭርትና ቆረቆርም በዚሁ መንገድ ከራስ ወደ ራስ ይዛመታሉ።

በሀገራችን የዚህ ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አላገኘነውም ማለት ነው። ለአዋቂ የሚሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። ጤና ተቋም ሄዳችሁ ስለ ምርመራውና ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

አንዳንድ ፀጉር ቤት ስለቱ ላይ አልኮል ነፍተው በእሳት ብልጭ ያደርጉታል። ለአፍታ በርቶ የሚጠፋ እሳት በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን አያወጣም። 70 ፐርሰንት አልኮል ይረዳል፤ የሚረዳው ግን መጀመሪያ ፀጉሩና ደሙ በብሩሽ ከጸዳ፣ ከዚያም ስለቱ ለጥቂት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ነው። እንዲያም ሆኖ ሙሉ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ የራሳችሁን ማሽን ይዛችሁ ፀጉር ቤት ሂዱ፤ ባለሙያው አይቀየምም። አቅም ካጠረ ስለቱ የሚነቀል አንድ ማሽን በጋራ ገዝቶ ለየአንዳንዱ የራሱ ስለት ማድረግ ይቻላል። ለብልት አካባቢ የተጠቀማችሁበትን ስለትም ለፊት አትመልሱት። ለሰሊጥ አጨዳ በየእርሻው የሚሰማሩ ወንድሞችና ዘመዶች ካሏችሁ ይህንኑ ንገሯቸው፤ ብዙ ሰው አብሮ በሚያድርበት ቦታ አንድ ምላጭ ለብዙ እጅ መድረሱ አይቀርም። እህቶችም ዘንድ ሕጉ ያው ነው፤ ምላጭም ማሽንም አትዋዋሱ።

«ማሽንህን አውሰኝ» ያለን ወንድም መከልከል ያሳፍራል። ግን ራስን አለመጉዳት፣ ሌላውንም አለመጉዳት የዲናችን መርህ ነው። ምክንያቱን በለሰለሰ ቃል ብታስረዱት ይረዳል፤ አዲስ ስለት ብትገዙለት ደግሞ ሰደቃ ነው። በጋራ መታጠቢያ ቤት የወደቀ ፀጉራችሁን መጥረግ፣ የተኛ ሰው ባለበት ማሽን አለማስነሳትም የጎረቤት ሐቅ ነው።

አንድ ነገር እናስታውስ። ኡዱሒያ ለማረድ የነየተ ሰው የዙልሒጃ ጨረቃ ከታየች ጀምሮ እስኪያርድ ድረስ ከፀጉሩም ከጥፍሩም እንዳይነካ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። የ40 ቀኑን ቆጠራ ከዚህ ጋር አያይዙት፤ ዙልቃዒዳ ሳያልቅ ጨርሱና ማሽኑን ጠርጋችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡት።

አሏህ ውጫችንንም ውስጣችንንም ያጥራልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።