የቦርከና ዋናና የማለዳ ሩጫ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከተላለፈው ለንባብ እንዲመች ሆኖ የቀረበ)

  

የዛሬውን ርዕስ የሰጡን ከከሚሴ የጻፉልን አንዲት እናት ናቸው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጃቸው ከዙህር በፊት ከቤት እየጠፋ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ሲቆጡት «እማ፣ ዋና እኮ ሱና ነው፤ መድረሳ ተምረናል» ይላቸዋል። እናቲቱ ደግሞ ወንዙን ይፈሩታል። «ሱናን ከለከልኩ እንዳልባል ፈራሁ፤ ልተወው ብል ደግሞ ልቤ አልቀበል አለኝ» ይላሉ።

ልጁ የተናገረው እውነት አለው። የእናቲቱም ፍርሃት ከበቂ በላይ ምክንያት አለው። ሁለቱን አብረን እንያቸው።

ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከንቱ ጨዋታ የማይቆጠሩ ብለው ከዘረዘሯቸው አራት ነገሮች አንዱ ዋና መማር ነው። ሌሎቹ ለቀስት ልምምድ በኢላማዎች መካከል መመላለስ፣ ፈረስን ማሠልጠንና ከባለቤት ጋር መጫወት ናቸው። ልጆቻችሁን ዋና አስተምሩ የሚለው ንግግር ግን ብዙ ጊዜ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተደርጎ ቢነገርም፣ በይበልጥ የሚታወቀው ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የተላለፈ ሆኖ ነው። ይህን የምንለው ኡስታዞቻችንን ለማረም ሳይሆን ነገሩ በቦታው እንዲቀመጥ ነው።

ሩጫም እንዲሁ በሲራ ውስጥ ቦታ አለው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ተሽቀዳድመዋል። በመጀመሪያው እርሷ ቀደመቻቸው፤ ከጊዜ በኋላ ሰውነቷ ሲከብድ ደግሞ እርሳቸው ቀደሟትና ይህኛው ለዚያኛው ምላሽ መሆኑን በፈገግታ ነገሯት። በዘገባዎቹ እንደተገለጸው ከመሽቀዳደማቸው በፊት አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ወደፊት እንዲቀድሙ አዘዋል። ሚስት ትሩጥ፣ ግን ከሰው ዓይን ራቅ ብላ። በዚህ ጉዳይ ለሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለንም።

የሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ታሪክም አለ። ሰለማ በእግሩ ፈጣን የታወቀ ሶሓባ ነበር። ከዚ ቀረድ ዘመቻ ሲመለሱ አንድ የአንሷር ሰው እስከ መዲና ድረስ የሚሽቀዳደመው እንዳለ ጠየቀ፤ ሰለማም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቅዶ ተወዳደረው። ሙስሊም በዘገቡት ውስጥ የሚያስደንቀው ሰለማ የሮጠበት ዘዴ ነው። አንድ ሁለት ኮረብታ እስኪያልፉ ድረስ ትንፋሹን እየቆጠበ ከኋላ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኃይሉን ለቆ ደርሶበት ያለፈው። ይህን ትንፋሽን የመቆጠብ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ወንዙ እንውረድ። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ደጋ ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። ለዞናችን ትልቅ ኒዕማ ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከዓፋርም፣ ከአርጎባም፣ ከኦሮሞና ከአማራም ከብት ይዞ የሚመጣው ሕዝብ የሚሰበሰበው ጨፋ ላይ ነው። ነገር ግን ውሃው እኛ ዘንድ የሚደርሰው የብዙ ከተማና የብዙ መንደር ቆሻሻ ይዞ ነው። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ በጅረቶች በኩል ወደ ቦርከና እንደሚገባ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በዚህ ላይ የከሚሴና የአካባቢዋ ወንዞች የአንጀት ብልሃርዚያ ከሚገኝባቸው የአገራችን ቦታዎች ይቆጠራሉ።

ብልሃርዚያ ስሙ ይታወቃል፤ አያያዙ ግን በብዙ ቤት አይታወቅም። ብዙ ሰው ውሃውን በመጠጣት የሚመጣ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በታመመ ሰው ሰገራ ውስጥ የትሉ እንቁላል ይወጣል። ሰገራው በቀጥታም ሆነ በዝናብ ታጥቦ ውሃ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ከዚያ የወጣው እጭ ሰውን ከመያዙ በፊት በወንዝ ዳር ሣርና ቅጠል ላይ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ሳምንታት ቆይቶ ይባዛል። ከአንድ ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠር፣ በዓይን የማይታይ፣ ጭራ ያለው እጭ ይወጣል። ይህ እጭ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ጤነኛ ቆዳ ይበቃዋል።

ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ በረፋዱና በቀትር ነው። ሙቀቱ ልጆቻችንን ወደ ውሃ የሚያወርዳቸው በዚያው ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። ውሃው ዝም ያለበት፣ ሣር የበዛበት፣ ለትናንሽ ልጆች የማያሰጋ የሚመስለው ቦታ ደግሞ ቀንድ አውጣው የሚወደው ቦታ ነው።

ከገባ በኋላ ትሉ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። መጀመሪያ ማሳከክ፣ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳት ሊኖር ይችላል፤ ብዙዎች ግን ምንም አይሰማቸውም። ቆይቶ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ይመጣል። ልጁ ይደክመዋል፣ ይገረጣል፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወላጅ ሰነፈ ብሎ ይቆጣዋል። ሳይታከም ዓመታት ካለፉ ጉበትና ጣፊያ ይጎዳሉ፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም ማስታወክ ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ሐዲስ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርግማን ከሚያመጡ ሥራዎች አስጠንቅቀዋል፤ በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ ሥር መጸዳዳት። በቆመ ውሃ ላይ ሸንቶ ከዚያው መታጠብንም ከልክለዋል። የብልሃርዚያን ዑደት ላወቀ ሰው ይህ ትእዛዝ ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው ቀለበት የሚበጥስ ነው። ሰገራ ውሃ ውስጥ ካልገባ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አያሳምምም። ስለዚህ ዋና ሱና ነው የሚለው ልጅ፣ ወንዝ ዳር አለመጸዳዳትም ከሱናው መሆኑን በመድረሳው ጎን ለጎን ሊማር ይገባዋል። ወንዝ ዳር ያለ መንደር ሁሉ ሽንት ቤት መቆፈሩም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ሌላው ብዙ የማይነሣው ጉዳይ ዉዱእ ነው። ገበሬውም እረኛውም ዙህርና ዐስር ሲደርስ ወንዝ ገብቶ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል። የሚፈስ ውሃ በሸሪዓ ንጹሕ ነው፤ ዉዱኡም ትክክል ነው። ነገር ግን በሸሪዓ ንጹሕ መሆንና ከበሽታ ነጻ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በብርዳማ ሌሊት ቢታጠብ እንዳይጎዳ ፈርቶ በተየሙም በሰገደ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልነቀፉትም። የእኛ ጉዳይ ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ቀላል መፍትሔ አለው። እጩ ቀንድ አውጣውን ከለቀቀ በኋላ ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ስለዚህ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ በርሜል ወይም ጀሪካን ሁለት ሙሉ ቀን ካደረ ለመታጠቢያና ለዉዱእ ከብልሃርዚያ ይድናል። የተፈላ ውሃም እንዲሁ። (ያደረው ውሃ ለመጠጥ ግን አይሆንም፤ መፍላት ወይም መታከም አለበት።) ሲቀዱም ውሃ ውስጥ ገብቶ ከመቆም ከዳር ሆኖ መቅዳት ይሻላል።

ቀንድ አውጣውን መግደል አይቻልም ወይ የሚል ጠያቂ ይኖራል። ለዚህ የሚረዳ አንድ መንገድ አገራችን ለዓለም አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከቱ። ከዚያ የተጀመረው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውንና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷቸዋል። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ማንም እየተነሣ ወንዝ ላይ እንዲደፋው አንመክርም።

ሕክምናው ቀላል ነው። የሰገራ ምርመራ ይደረጋል፤ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በክብደት ተለክቶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 አገር አቀፍ ሆኖ በተጀመረው የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም የሚታደለውም ይኸው ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጄን ያዞረዋል ብለው ክኒን በሚታደልበት ቀን ከትምህርት ቤት ያስቀሩታል። የሚያዞረው በአብዛኛው በባዶ ሆድ ሲወሰድ ነው፤ ልጁን ቁርስ አብልታችሁ ላኩት። ክኒኑ የጎለመሰውን ትል እንጂ በቅርቡ የገባውን ስለማይገድል፣ ወንዝ በገባ በማግሥቱ ሳይሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ መመርመሩ ይመረጣል። ደግሞም ክትባት አይደለም፤ ነገ ተመልሶ ወንዝ ለገባ ልጅ ዋስትና አይሆነውም።

ከትሉ ፈጥኖ የሚገድል ሌላ አደጋ ደግሞ አለ። በክረምት ከሚሴ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ከያዘ፣ ወይም ከላይ በኩል ጉምጉምታ ከተሰማ ልብስ ለማንሣት እንኳ ሳይዘገዩ መውጣት ነው። ለውሃ ማቆሪያና ለድንጋይ ማውጫ የተቆፈሩ ጉድጓዶችም ዳራቸው ስለሚንሸራተት የገባ ልጅ መውጫ ያጣል። የሚሰምጥ ሰው ያየ፣ ዋና ቢችል እንኳ ዘሎ አይግባ፤ የሚሰምጥ ሰው የያዘውን ይዞ ይወርዳል። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ መወርወር ብዙ ነፍስ ያድናል። ጀሪካን የሌለው ቤት ደግሞ የለንም።

ታዲያ ልጆቻችን የት ይማሩ? ትክክለኛው ቦታ በክሎሪን የሚታከም ገንዳ ነው። በከሚሴ ይህን በየሰፈሩ ማግኘት እንደማይቻል እናውቃለን። ነገር ግን ለዒድ ወደ ዘመድ ስንሄድ፣ በትልልቅ ከተሞች ገንዳ ያላቸው ቦታዎች አሉ፤ ብዙ ሆነው ለሚመጡ ቤተሰቦች ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት እንዲለዩ መጠየቅም ነውር የለውም። ከሐይቆቻችን ላንጋኖ ከብልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ነው። በየትም ይሁን ወንዱ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ የሚሸፍን ቁምጣ ይልበስ፤ ትንሽ ነው ተብሎ ራቁቱን የለመደ ልጅ ሲያድግ ያስቸግራል።

ሩጫው ከዋናው ይቀልላል፤ ገንዳም ክፍያም አይጠይቅም። የጤና ባለሙያዎች ለልጆች በየቀኑ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ይመክራሉ። ከዙህር እስከ መግሪብ ጫት ላይ ለሚቀመጠው ወንድማችን ይህ ሩቅ መስሎ ይታየው ይሆናል። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምር ቅሞ መሮጥ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው።

በኦሎምፒክ የምናውቃቸው ሯጮቻችን ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ናቸው፤ ከሚሴ ግን ቆላ ናት። እዚህ በቀትር መሮጥ ጉብዝና አይደለም። ጥሩው ሰዓት ሱብሒ ተሰግዶ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ነው። ማታ መግሪብ ላይ ውሃ ባቆረ ቦታ መቆየት ለወባ ትንኝ ራስን መስጠት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከባድ መኪና ስለሚበዛበት፣ ወደ ደዋ ጨፋ መንደሮች የሚወስዱት የአፈር መንገዶች ይመረጣሉ፤ አስፋልት ላይ የግድ ከሆነ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል ይሮጥ። ጀማሪ የሰለማን (ረ.ዐ) ዘዴ ይያዝ፤ እየተነጋገሩ መሮጥ እስኪቻል ድረስ ቀስ ብሎ በሶምሶማ ይጀምር። ራስ ከዞረ፣ ካቅለሸለሸ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ውሃ መጠጣት። ንግግሩ የተምታታበትን ሰው ደግሞ ውሃ እያፈሰሱ እያራገቡ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሽማግሌዎቻችን ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃቸዋል።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። እኅታችን፣ ሱና አልከለከሉም። ልጁን ወንዙን ይከልክሉት፤ እስካሁን ስለገባ ግን አይምቱት፤ ቢመቱት መግባቱን ይደብቅዎታል እንጂ አይተውም። የመጨረሻ የገባበትን ቀን በእርጋታ ይጠይቁትና ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ሰገራውን ያስመርምሩ። ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይውሰዱት። እስከዚያው ጓደኞቹንም ጠርተው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ከሱብሒ በኋላ እንዲሮጡ ያድርጉ፤ አብረውት ወንዝ የወረዱት ልጆች እናቶችም ይህንኑ ምርመራ እንዲያስደርጉ ይንገሯቸው።