የታክሲ ነጂዎች ጥድፊያና ነጋዴው የሚከፍለው ዋጋ

በአዲስ አበባ ከተማ ሱቆች ከመከፈታቸው አስቀድሞ ሥራውን የሚጀምረው የሕዝብ ማመላለሻ ነው። የመርካቶው ሻጭ፣ የካዛንቺሱ ጸሐፊ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ የቃሊቲው የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ በየማለዳው ከሥራው ቦታ የሚደርሰው በእግሩ ካልሆነ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ታክሲ ነው። ሸማቹም ገንዘቡን ይዞ ወደ ገበያ የሚመጣው በዚያው ነው። ስለዚህ የታክሲ ነጂው ጠባይ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴው ወገን በዚህ ነገር ራሱን እንደ ተመልካች መቁጠሩ የተለመደ ሆኖአል። ይህ አስተሳሰብ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ከተማው ለሕዝብ ማመላለሻ ያልደከመበት ጊዜ የለም። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት በጥቂት መኪናዎች የተጀመረው የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት ብዙ ትውልድ አመላልሶአል። ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ሴይቼንቶዎች፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባቸው «ውይይት» የተባሉት መኪናዎች፣ በመጨረሻም ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ሚኒባሶች ተከታትለው መጡ። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ባለ ሁለት መስመር የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ ቢደረግም አውቶቡሱና ባቡሩ ከማይደርሱበት ሰፈር ሠራተኛውን የሚያወጣው፣ ማታም የሚመልሰው አሁንም ሚኒባሱ ነው። ውለታው ትልቅ ስለ ሆነ ጥፋቱም በዚያው መጠን ትልቅ ነው።

የነጂዎቹ ጥፋት በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ትርፍ መጫን፣ በእግረኛ መሻገሪያ ዜብራ ላይ ማቆም፣ ያለ ፌርማታው በድንገት ቆሞ ሰው ማውረድ፣ በቀኝ በኩል መቅደም፣ አንዱን መስመር ቆራርጦ ሁለት ጊዜ ማስከፈል፣ ረዳቱም በተከፈተ በር ተንጠልጥሎ ሲጣራ መሄድ በየቀኑ የሚታይ ነው። ይህ ሁሉ ሲነገር አብዛኛው ሰው ምክንያቱን የሾፌሩ ባለጌነት ነው ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ንግድ የሚያውቅ ሰው ከጠባይ በፊት ሒሳቡን መመልከት አለበት።

የሚኒባስ ታክሲ ሒሳብ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። የመኪናው ባለ ንብረትና ነጂው በየቀኑ ገቢ የሚደረግ የተቆረጠ ገንዘብ ይስማማሉ። ነጂው ከዚህ ሌላ ነዳጁን ይሸፍናል፤ ለተራ አስከባሪውም ይከፍላል። የነጂውና የረዳቱ የዕለት እንጀራ የሚገኘው ይህ ሁሉ ተከፍሎ ከሚተርፈው ነው። ለምሳሌ በቀን አሥር ምልልስ የሚያደርግ ነጂ ቢኖርና ሰባቱ ምልልስ ለባለ ንብረቱና ለነዳጅ ቢውል፣ ለሁለቱ ሰዎች የሚቀረው የሦስቱ ምልልስ ብቻ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሁለቱ ምልልስ የቀረ እንደ ሆነ የባለ ንብረቱ ገቢ አይነካም፤ የነጂው እንጀራ ግን ከሦስት እጅ ሁለት እጁን ያጣል። እንግዲህ የመንገዱ መጨናነቅ፣ የነዳጅ ወረፋውና የዝናቡ ጉዳት ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ያም ሰው መሪውን የያዘው ነው። በቀይ መብራት ሲያልፍ የሚታየው ይኸው ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን ጥድፊያው ትርፍ ያመጣል ማለት አይደለም። ሒሳቡ ይህን አያረጋግጥም። ስድስት ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳው ደግሞ ስድስት ደቂቃ ነው። ትርፉ ሦስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ይህንንም ቢሆን የሚያገኘው መንገዱ ክፍት ከሆነለት ብቻ ነው። ሰው በሚበዛበት ሰዓት በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ አደባባይ አንድ ጊዜ ቢታገድ ያተረፈው ሁሉ ይጠፋል። ተራው ቦታ ላይ ቀድሞት የደረሰ መኪና ከተሰለፈም ወረፋ ከመጠበቅ አይድንም።

ኪሣራው ግን የሚታይ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ ከስምንት ሜትር ጥቂት አልፎ ይሄዳል፤ በ60 የሚሄደው ግን ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ነጂው ሕፃን ወደ መንገድ ሲገባ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ይህ ሁሉ ርቀት አልፎአል። ፍሬኑ ከተያዘም በኋላ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በዝናብ ጊዜ፣ ጎማውም ያለቀ እንደ ሆነ፣ ከዚህም ይብሳል። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እነርሱም በአመዛኙ ለቤተሰባቸው እንጀራ የሚያመጡ ሠራተኞችና ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ናቸው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂው የገንዘብ ካሣ ያስገኛል። የሞተውን አባት ግን የሚመልስ መድን የለም። ባለ ንብረቱም ቢሆን መኪናው በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆሞ በሚከርምበት ጊዜ የዕለት ገቢው መቋረጡን ያውቃል።

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አላወጣም አይባልም። በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የነጂው ጥፋት በነጥብ እየተያዘ፣ ነጥቡ ሲከማች መንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ የሚያደርግ ሥርዓት አስገብቶ ነበር። ይህን በከተማው በሥራ ላይ ለማዋል በተሞከረ ጊዜ የታክሲ ነጂዎች የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ያን ቀን ሠራተኛው በእግሩ ሄደ፤ የንግዱም ሥራ ተሰናከለ። አስተዳደሩም የነጥቡን አፈጻጸም ለሦስት ወር ለማዘግየት ተገደደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሕጉ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ነጂው የዕለት ገቢውን ሙሉ ለሙሉ እየገበረ ቅጣቱን ብቻውን የሚሸከም እስከ ሆነ ድረስ ቅጣት ብቻውን ጠባዩን ሊያርመው እንደማይችል ነው።

መንገዱን ራሱን ማረም እንደሚጠቅም ደግሞ በተግባር ታይቶአል። እ.አ.አ. በ2016 በለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ ብቻ የመኪናው መታጠፊያ ጠቦ፣ የእግረኛው መሻገሪያ አጥሮ ተሠርቶ ነበር። መታጠፊያው የጠበበበት ነጂ ሳይወድ በግድ ቀስ ይላል፤ ፖሊስም አያስፈልገውም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቦሌና በመገናኛ በኩል የተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አስገኝቶአል። ሆኖም ሰፊና ለስላሳ አስፋልት ነጂውን የሚያስፈነጥዝ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። መንገዱ ባማረ መጠን መሻገሪያውና የማቆሚያው ሥርዓት በዚያው ልክ መጠበቅ ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የነጋዴው ወገን ድርሻ ነው። በየመስመሩ ከሚሮጡት ሚኒባሶች ብዙዎቹ የነጋዴዎች ንብረት ናቸው። ባለ ንብረት የሆነ ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚችለው የዕለት ገቢውን ስምምነት እንደገና መመልከት ነው። ለነጂውና ለረዳቱ የተወሰነ ደመወዝ ቢሰጥ፣ ወይም የቀኑ ገንዘብ በድርሻ ቢከፈል፣ የመጥፎው ቀን ጉዳት ለሁለቱም ወገን ይካፈላል፤ ነጂውም ለእያንዳንዱ ደቂቃ ሕይወት አይወራረድም። እርግጥ ባለ ንብረቱ የተሳፋሪውን ቁጥር ማወቅ ስለማይችል እታለላለሁ ብሎ ይሠጋል። ይህ ሥጋት በከንቱ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ነጋዴ ለሱቁ ሻጭ ሲቀጥር ይህንኑ ሥጋት በዋስና በሒሳብ መዝገብ ይከላከላል እንጂ ሻጩን በተቆረጠ ገቢ አያስጨንቅም። ፍሬንና ጎማን በጊዜው ማስመርመር፣ ነጂም ሲቀጠር የቀድሞ የቅጣት መዝገቡን መጠየቅ ከባለ ንብረቱ የሚጠበቅ ነው።

የሱቅ ባለቤቶችም ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። ዕቃው በእግረኛ መንገድ ላይ የተዘረጋበት ሱቅ ሸማቹን ወደ አስፋልቱ ይገፋዋል። በፌርማታ ላይ ቆሞ ሸቀጥ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ታክሲው መካከለኛው መንገድ ላይ ሰው እንዲያወርድ ያስገድደዋል። ዕቃ የማራገፊያው ሰዓት ማለዳ ወይም ምሽት ቢሆን፣ ድርጅቶችም የሠራተኞቻቸውን የመግቢያ ሰዓት በጥቂቱ ቢያለያዩ፣ በአንድ ሰዓት ላይ የሚደረገው ግፊያ ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀም ይሆናል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። ነጂው የሚቸኩለው ለራሱ ብቻ አለመሆኑን፣ ገቢው ምሽት ላይ የሚቈጠረውም በባለ ንብረቱ እጅ መሆኑን ነጋዴው ያስተዋለ ዕለት፣ የመንገዱ ሰላም በፖሊሱ ፊሽካ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ያበቃል።